በግ ያስያዝሁበት ቻይናዊ

ዛሬ ኅዳር 12፣ 2017 ዓ.ም.፣ ኅዳር ሚካኤል ነው። ደብረ ማርቆስ እየታጠነች ነው። በየደጃፉ የተከመረው ገለባና ጥራጊ ይጨሳል፤ ጭሱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ጎረቤቶቼ ግን እንባዬን ባዩ ቁጥር «አይዞዎት፣ ቻይናው እኮ ገና አልተሸነፈም» ይሉኛል። በ76 ዓመቴ የሰፈር መሳለቂያ ሆንሁ። ጥፋቴ አንድ ነው፤ ሰው ሁሉ «አለቀለት» ባለው ሰው ላይ በግ አስይዣለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከአንዲት ቃል ነው። ባለፈው ሳምንት ሻይ ቤት ተቀምጬ ከኋላዬ የነበሩ ጎረምሶች «ሰንጠረዡን አየኸው?» ሲባባሉ ሰማሁ። «ተገለባብጧል እኮ!» አለ አንዱ። ልቤ ዘለለ። የሻይ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ዞር አልሁና «ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ? ሰንጠረዥ ማን አስተማረህ?» አልሁት። ልጁ ደንግጦ ስልኩን ደበቀ። ኋላ ላይ አፍሮ «የፕሪምየር ሊጉን የደረጃ ሰንጠረዥ ነው አባባ። ሊቨርፑል አንደኛ ሆኗል» አለኝ።

እንግዲህ ሰንጠረዥ እዚህ ደረሰ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከ500 ዓመት በፊት ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር የተጫወቱት፣ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ የወደዱት፣ እቴጌ ጣይቱ ጎበዝ ነበሩበት የሚባልለት የነገሥታት ጨዋታ ዛሬ የኳስ ነጥብ መደርደሪያ ሆኗል። የመብራት ክፍያ ሰንጠረዥ አለ፤ የፈተና ሰንጠረዥ አለ፤ የክትባት ሰንጠረዥ አለ። ሰንጠረዥ ብቻ የለም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ሰንጠረዥ ማለት የእኛ አገር ቼዝ ነው፤ ብትሰለቹም አልተውም። አያቴ ቀይ ጨርቅ ዘርግተው፣ በላዩ በጥቁር መስመር የተከፈለ 64 ቤት ሠርተው ይጫወቱ ነበር። ነጭና ጥቁር ቤት እያሉ ማዥጎርጎር የፈረንጅ ነው። ንጉሥ አለ፤ ፈርዝ አለ፤ ፊል አለ፤ ፈረስ አለ፤ ግንብ አለ፤ ከፊት እግረኛው ይሰለፋል። አጀማመሩም የወንድ ነበር። አንዱ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም እጃቸው እንደ ቻለ ይገፋሉ፤ የተሻለ ቦታ የቀደመ ይይዛል። ይህ ወረራ ይባላል። ተራ የሚመጣው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ዛሬ በከተማችን የሞላው ውርርድ እንጂ ወረራ አይደለም፤ በየማእዘኑ የውርርድ ቤት ተከፍቶ ወጣቱ የማያውቀው አገር ኳስ ላይ ደሞዙን ይረጫል። (እርስዎስ በግ አላስያዙም ወይ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እመጣበታለሁ።)

አጨራረሱም ወግ ነበረው። በፈረስ ወይም በግንብ ተሯሩጦ ንጉሥ መያዝ ያልበሰለ ሰው ሥራ ነው። በፊል፣ ይልቁንም በእግረኛ ማት ያደረገ ግን ይጨበጨብለታል። ዙሪያውን የተቀመጠው ሕዝብም ዝም አይልም፤ ሁሉም መካሪ ነው፤ የባሰበትማ እጁን ሰዶ ጠጠሩን ራሱ ይገፋል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ታሪኩንና ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1971 ባይጽፉት ኖሮ የልጅ ልጄ ተረት ነው ትለኝ ነበር። አሁንም ትለኛለች።

የልጅ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ኔትወርክ በመጣ ቀን በስልኳ ቼዝ ትጫወታለች፤ ከማን ጋር እንደምትጫወት ግን ራሷም አታውቅም። ፈርዛችንን ንግሥት አድርገው በሰሌዳው ሙሉ ሲያስሮጧት አይቼ ብናደድ «አባባ፣ እቴጌ ጣይቱን ምን ይሏቸዋል ታዲያ?» አለችኝ። መልስ አላገኘሁም። የሲንጋፖሩን ወሬ ያመጣችብኝም እሷ ናት።

የፊታችን ሰኞ ኅዳር 16 ሲንጋፖር ላይ የቼዝ የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ይጀመራል። ባለዘውዱ የ32 ዓመቱ ቻይናዊ ዲንግ ሊረን ነው። ዘውዱን ሊነጥቀው የመጣው የ18 ዓመት ልጅ ነው፤ ዶማራጁ ጉኬሽ፣ ከሕንድ፣ ከቼናይ። 14 ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ቀድሞ ሰባት ተኩል የሞላ ይነግሣል። የሽልማቱ ገንዘብ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ነው። ጨዋታው በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ይጀመራል። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀመስም። ዲንግን በባዶ ሆዴ ልከታተለው ነው ማለት ነው። እሱስ ቢሆን በልቶ መቼ ተኝቶ ያውቃል?

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ባለዘውዱ ራሱ ተሸናፊ ተብሎ ሲገባ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አገር ንጉሥ ከተቀመጠበት እስኪነሣ ድረስ ቢያንስ በፊቱ አሸናፊ ነው ይባላል። ይህን ግን የዓለም ሊቅ ሁሉ ተሰብስቦ ቀብሮታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ይኼኛው ግን ገና ቆሞ ነው ምሳሩ የዘነበበት።

እርግጥ ነው፣ ምክንያት አላቸው። ዲንግ ዘውዱን በያዘ ማግስት ታመመ። ጭንቀት ያዘው፤ እንቅልፍ ራቀው፤ ለወራት ከውድድር ጠፋ። ሲመለስም ያው አልነበረም። ከጥር ወዲህ በተጫወታቸው 28 መደበኛ ጨዋታዎች አንድም አላሸነፈም። በነጥብ ከዓለም ወደ 23ኛ ወርዷል። ኖርዌይ ላይ ከቀድሞው ባለዘውድ ከማግነስ ካርልሰን ጋር ሲጫወት በሁለት ርምጃ የምትመጣ ማት ሳያያት ቀርቶ ተያዘ፤ በውድድሩም መጨረሻ ወጣ። ሲጠይቁትም አልዋሸም፤ በመጥፎ እንዳልሸነፍ እሰጋለሁ አለ። ሰው እውነት በመናገሩ ሳቁበት! በእኛ ዘመን ፉከራ ነው እንጂ መፍራትህን ማን ይናገራል? እኔም ብሆን አልናገርም። ይኸው እሱ ተናገረ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድሁት።

እንቅልፍ ማጣትን ደግሞ እኔን ጠይቁኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ጣራ እቆጥራለሁ። ጅቡ ይጮኻል፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ውርጭ በበሩ ሥር ይገባል፤ ባለቤቴ «ምነው አታርፍም?» ትለኛለች። በዚያ ሰዓት ሲንጋፖር ነግቷል። ያ ቻይናዊም ሌሊቱን እንደኔ ጣራ ሲቆጥር አድሮ ይሆናል እላለሁ።

ተከራካሪዬ ጎረቤቴ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር። በግ ያስያዝሁት ከሱ ጋር ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጣ። «ጉኬሽ 2783፣ ዲንግ 2728፤ ልዩነቱ 55 ነጥብ» አለ። ይህ ነጥብ ኢሎ ይባላል፤ አርፓድ ኢሎ የሚባል በሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ የፊዚክስ መምህር ያወጣው ስሌት ነው። መምህሬ ደምሮ ቀንሶ፣ አንገቱን ነቅንቆ፣ «በ55 ነጥብ ልዩነት ልጁ ከመቶ 58 ይደርሰዋል። 14 ጨዋታ ላይ 8 ለ6 ገደማ ነው። በጉን ከአሁኑ አስረክበኝ» አለኝ።

«ለኔ ሰው ስንት ቀረ?» አልሁት።

«42»

«42 ከመቶ!» አልሁ። «ሐኪሙ ለኔ ጉልበት 42 ከመቶ ተስፋ ቢሰጠኝ እልል ብዬ ከሆስፒታል ቤቴ ድረስ በእግሬ በሄድሁ ነበር። አንተ ደግሞ የሞት ፍርድ አስመስለህ ታነብልኛለህ።»

አልሳቀም። የሒሳብ ሰው ነው።

ስሌቱ ያልያዘውን እኔ ነገርሁት። እነዚህ ሁለቱ ከዚህ በፊት በመደበኛ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ተገናኝተዋል። ሁለቱን ያሸነፈው ዲንግ ነው፤ አንዱ አቻ ነው። ልጁ በመደበኛ ጨዋታ አንድም ጊዜ አሸንፎት አያውቅም። መምህሩ «ያ ድሮ ነው» አለኝ። የመጨረሻው ድል ያለፈው ጥር ነው እኮ! ለካስ ሰው ሲከሳ ጥርም ድሮ ትሆናለች።

ደግሞ ይህ ሰው እንዴት እንደ ነገሠ ማን አስታወሰ? የዘውዱን ተፎካካሪ ወደሚመርጠው ውድድርም የገባው በጓሮ በር ነው። ሩስያዊው ሰርጌይ ካርያኪን አገሩ የከፈተችውን ጦርነት ደግፎ በመናገሩ ሲታገድ ቦታ ተከፈተ። ዲንግ ግን በኮሮና ምክንያት ከአገሩ ሳይወጣ ቆይቶ የሚፈለገውን ያህል ጨዋታ አልተጫወተም ነበር። አገሩ ውድድር በውድድር ላይ አዘጋጀችለትና በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ከ20 በላይ ጨዋታ ተጫውቶ ሞላ። ማድሪድ ሄደ፤ በመጨረሻው ቀን ናካሙራን አሸንፎ ሁለተኛ ወጣ። ሁለተኛ መውጣት ምን ይጠቅማል? በዚያ ዓመት ጠቀመ፤ ካርልሰን ዘውዱን ለመጠበቅ አልጫወትም ብሎ ተወው። ሁለተኛው ሰው ተጠራ።

ከአንደኛው ሰው ከያን ኔፖምኒያሽቺ ጋር አስታና ላይ ሲጋጠም ሦስት ጊዜ ተመራ። ሦስት ጊዜ! ሦስቱንም ጊዜ ተነሥቶ እኩል አደረገ። 7 ለ7 ወጡና በፈጣን ጨዋታ እንዲለያዩ ተደረገ። በመጨረሻዋ ጨዋታ ሰዓቱ ሊያልቅበት ሰከንድ ሲቆጠር በእጁ ያለውን አቻ ተወና ግንቡን በንጉሡ ፊት ገትሮ ራሱን በራሱ አሰረ። ጠላት ሲያየው ፈሪ መሰለው። ጀግና እንደ ነበር የገባው ካሸነፈ በኋላ ነው። ሚያዝያ 22፣ 2015 ዓ.ም. ከቻይና ወንዶች የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 መቶ ጨዋታ ሳይሸነፍ ተጫውቶ ነበር። መቶ! ሰው ግን የሚቆጥርለት 28ቱን ነው።

መምህሩ በዚህ ጊዜ መሸነፉን ሲያይ ጎጃሜነቴን ነካ። «አንተ የምትደግፈው ንጉሥ መጨረሻው ይታወቃል» አለኝ። «እምባቦን አስታውስ» ማለቱ ነው። ኧረ ተው! አዎ፣ በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ በሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተሸንፈዋል፤ ቆስለው ተማርከዋል። እንደ ሰንጠረዥ ቢሆን ንጉሡ ተይዟል፣ ጨርቁ ይጠቀለላል። ግን ተጠቀለለ? ቁስላቸው ታክሞ አገራቸው ገቡ፤ እስከ 1893 ዓ.ም. ድረስ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ተቀምጠው ጎጃምን ገዙ። እኛ ዘንድ ንጉሥ ተያዘ ማለት ጨዋታ አለቀ ማለት አይደለም። መምህሩ ይህን ሰምቶ «እሱ ሕግ ሲንጋፖር አይሠራም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ደስ አላለኝም።

አሁን ከልቤ የማምንበትን ልንገራችሁ። የዘመኑ ቼዝ ሁለት ትምህርት ቤት አለው። አንደኛው የቃል ትምህርት ነው። ኮምፒዩተሩ የጨዋታውን መጀመሪያ 15፣ 20 ርምጃ ያዘጋጃል፤ ረዳቶቹ ያስጠናሉ፤ ተጫዋቹ ሸምድዶ መጥቶ ይወጣዋል። አንድ ፊደል ካልሳተ ማንም አይነካውም። ልጁ በዚህ በኩል ብርቱ ነው። ሁለተኛው የቅኔ ነው። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ደግሞ ቢያመጣ የኔታ አይቀበሉትም። አዲስ መዝረፍ አለበት፤ ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን መደበቅ አለበት። የአስታናው ግንብ ሰሙ ፍርሃት ነበር፤ ወርቁን ያየው ራሱ ብቻ ነበር። ዲንግ ጤነኛ ሲሆን ባለቅኔ ነው።

እንግዲህ የዲንግ ዕድል እዚህ ላይ ነው ያለችው። ከጨዋታው መጀመሪያ ሁለቱም ያልሸመደዱት ቦታ ከገባ፣ ሰዓቱንም ካልጨረሰ፣ ልጁ የሚያስበውን እሱም እኩል ያስበዋል። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ጨዋታ ሳይቆስል ከወጣ ልጁ ላይ ጭንቀት ይመጣል፤ ቢያሸንፍ ማንም የማይከራከርበት የዓለም ዘውድ ከደፉት ሁሉ ትንሹ ነው፣ ጋሪ ካስፓሮቭ እንኳ በ22 ዓመቱ ነው የነገሠው። ያ ሁሉ ሕንዳዊ እያየው ነው። ዲንግ ደግሞ ከአሁን ወዲያ የሚያፍርበት ነገር የለውም፤ ሁሉ አስቀድሞ አፍሮለታል። የምፈራለት አንድ ነገር ነው፤ ሰዓት። ከታመመ ጀምሮ ረጅም ያስባል፤ ሁለት ሰዓት ለ40 ርምጃ ይሰጣቸዋል፣ 41ኛው እስኪደርስ የሚጨመር ሰከንድ የለም። በልቡ እያመነታ ቁጭ ካለ ሰዓቱ ይበላዋል። እሱን ሳስብ ነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምነቃው። (ጉልበቴም አለ።)

ልጁን ግን አልጠላውም፤ አትሳሳቱ። ጨዋታ ሳይጀምር ዓይኑን ጨፍኖ ቁጭ ይላል፤ ጸሎት የሚያደርስ ዲያቆን ይመስላል። አባቱ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም ናቸው፤ ሥራቸውን ትተው ከልጃቸው ጋር አገር ላገር ዞረዋል። ሚያዝያ ላይ ቶሮንቶ በ17 ዓመቱ ከሁሉም በልጦ የመጣ ነው። መስከረም ላይ ቡዳፔስት በተደረገው ኦሊምፒያድ ሕንድን ለወርቅ ሲያበቃ ከ10 ጨዋታ 9 ነጥብ ሰብስቧል። ጎበዝ ነው፤ ምን ያድርግ። ግን ጎበዝ ነው ብሎ ሁሉ ወደሱ ሲሮጥ ሌላው ወገን ባዶ ይቀራል። አንድ ሰው እንኳ እዚያ ይቀመጥ።

መምህሩን አፉን ያስያዝሁት በኔዘርላንዱ ማክስ ኡዌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የዓለም ሻምፒዮኑ አሌክሳንደር አልዬኪን ነበር፤ ማንም የማይደፍረው። ሊጋጠመው የመጣው ኡዌ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። «የምን መምህር መሰለህ?» አልሁት። ዝም አለ። «የሒሳብ!» አልሁት። ግምት አልሰጡትም፤ 15 ተኩል ለ14 ተኩል አሸነፈ። አልዬኪን ያኔ መጠጥ ያበዛ ነበር ይላሉ። ያች ግጥሚያ የተጀመረችበትን ቀን ግን ሳነበው እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። በፈረንጅ ኦክቶበር 3፣ በእኛ መስከረም 22፣ 1928 ዓ.ም. ናት። በዚያው ቀን ጣሊያን የመረብን ወንዝ ተሻገረ። አምስተርዳም ላይ አንዱ ጠጠሩን ሲገፋ፣ እዚህ የአያቴ ቀይ ጨርቅ ተጠቅልላ ሣጥን ገባች። አያቴ በረሃ ወረዱ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ አብረዋቸው የሚጫወቱት ሰዎች ግማሾቹ አልነበሩም፤ የቀሩትም ወግ ሲያወጉ ይመሻል እንጂ ጨርቁን ያነሣ የለም። በአገሩም ሙሉ ሰንጠረዥ ከዚያ ጦርነት በኋላ ደብዛው ጠፋ። ያ ወረራ ተራ የሚባል ነገር አልነበረውም።

መምህሩ ይህን ሲሰማ ጋቢውን አስተካክሎ ቁጭ አለና ቡና ጠየቀ። ክርክራችን ለትንሽ ጊዜ ቆመ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ግን ነው፤ ሁለተኛው ላይ «58 ለ42» ብሎ ጀመረኝ።

የበጉ ነገር እንዲህ ነው። ዲንግ ዘውዱን ከጠበቀ መምህሩ አንድ ጠቦት ያስረክበኛል፤ ጉኬሽ ከወሰደው እኔ አስረክባለሁ። አቻ ወጥተው በፈጣን ጨዋታ ቢለያዩስ? ያንንም ጽፈን ፈርመናል፤ የሒሳብ ሰው ነውና። ግጥሚያው ቢረዝም ታኅሣሥ 4 ያልቃል። ጾሙ ግን እስከ ገና ነው፤ ስለዚህ ያሸነፈውም የተሸነፈውም በጉን ታኅሣሥ 29 እስኪደርስ እያየ ምራቁን ይውጣል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ከጓዳ ስትሰማ ቆይታ ብቅ አለችና «በጉ የማን መስሏችሁ ነው? ያሳደግሁት እኔ ነኝ። የትኛውም ቻይና፣ የትኛውም ሕንድ ቢያሸንፍ ገና እዚህ ይታረዳል፣ ሁላችሁም እዚህ ትበላላችሁ» አለች። እንግዲህ ውርርዱ አለ ይባላል ወይ? መምህሩ አለ ይላል።

ማታ ላይ ጭሱ ሲቀንስ የልጅ ልጄ ሰሌዳዋን ይዛ መጣች። ገዝተን ሳይሆን ከካርቶን የቆረጠችው ነው፤ ጠጠሮቹም የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፤ በላያቸው በብዕር ንጉሡንና ፈረሱን ጽፋባቸዋለች። እኔን ጥቁሩን ሰጠችኝ። ወረራ እንድንጀምር ለመንኋት፤ እምቢ አለች። ተራ በተራ ተጫወትን። ለጥቂት ጊዜ ደኅና ነበርሁ፤ አንድ ፈረስም በልቼባታለሁ፤ ይመዝገብልኝ። ቀጥሎ ዝም አለች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ያንን የሕንድ ልጅ አይታ ነው። ገልጣ አንድ ቆርኪ ገፋችና ፈገግ አለች።

«አባባ፣ በሁለት ርምጃ ማት ነዎት። አዩዋት?»

«አየኋት» አልሁ።

«የቷ ናት?»

መነጽሬን አምጪ አልኋት። አመጣችልኝ። አሁንም አልታየችኝም።